ከመጥበሻ ወደ ሞተር፦ ስለ ቢዋ ሐይቅ ሴቶች የተደረገ ምልልስ

የምግብ ትራፊን ወደ ነዳጅ ስለሚለውጡ ሥራዎች በሚጻፈው ሁሉ ትኩረቱ ብዙውን ጊዜ በማሽኑ ላይ ያርፋል፤ ትራፊው ከየቤቱ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ማን እንደሚሰበስበውና የሰብሳቢው ድካም በማን ስም እንደሚመዘገብ ግን እምብዛም አይነገርም። ቀጥሎ የቀረበው ምልልስ ይህንን የተዘለለ ጉዳይ በአንድ ሥፍራ ታሪክ፣ ይኸውም በጃፓን ሺጋ ክፍለ ሀገር በቢዋ ሐይቅ ዙሪያ ሴቶች ባካሄዱት ሥራ መነሻነት ይመረምራል። ተነጋጋሪዎቹ በኬሚካል ምህንድስና የሠለጠኑ አንዲት ተመራማሪና የኢኮኖሚ ታሪክ የሚያስተምሩ አንድ አንጋፋ መምህር ናቸው፤ ዓመታቱ በሙሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መምህሩ፦ ዶክተር፣ «በሴቶች የሚመራ የታዳሽ ኃይል ፕሮጀክት» የሚለው አነጋገር በየጉባኤው ከመደጋገሙ የተነሣ ትርጉሙ እየሳሳ መጥቷል፤ አንዲት ሴት የሥራ አስኪያጅነቱን ወንበር መያዟ ብቻ ይህን ስም የሚያሰጥ ከሆነ፣ ስለ ኃይሉም ሆነ ስለ ሴቶቹ ብዙ የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ በጥቅሉ ከመናገር ይልቅ አንድ የታወቀ ሥፍራ ቢነሣና በእርሱ ላይ ቢመከር ይሻላል።

ተመራማሪዋ፦ እንዲያ ከሆነ የቢዋ ሐይቅ ይነሣ፣ መምህር። ቢዋ የጃፓን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ 670 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም እስከ 104 ሜትር ሲደርስ፣ ከእርሱና ከእርሱ በሚወጣው ወንዝ የሚጠጣው ሕዝብ ኪዮቶንና ኦሳካን ጨምሮ ወደ 14 ሚሊዮን ይጠጋል። በግንቦት 1977 ዩሮግሌና የሚባል ጥቃቅን አልጌ ከልክ በላይ በመባዛቱ የሐይቁ ውሃ ቀይ ቡናማ መልክ ያዘ፤ የዓሣ ሽታም ሸተተ። አልጌ ብርሃንና ንጥረ ምግብ ባገኘ ቁጥር የሚራባ የውሃ ውስጥ ፍጥረት ሲሆን፣ በእንዲህ ያለው ሐይቅ ውስጥ ሲያንስ እድገቱን የሚገታው፣ ሲበዛም የሚያፈላው ንጥረ ነገር ፎስፈረስ ነው። ፎስፈረሱ ከእርሻ ማዳበሪያም ከፋብሪካ ፍሳሽም ይመጣ ነበር፤ ነገር ግን አንደኛው ምንጭ በእያንዳንዱ ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ነው። በኢትዮጵያ ቤቶች በወል ስሙ ኦሞ በሚባለው ዓይነት ሰው ሠራሽ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ውስጥ በዚያ ዘመን ውሃውን ለማለስለስ ሲባል የፎስፌት ጨው ይጨመር ስለነበር፣ ልብስ በታጠበ ቁጥር ፎስፈረሱ በቦዩ አድርጎ ወደ ሐይቁ ይወርድ ነበር።

መምህሩ፦ አጣቢዋ ሴት ስለሆነች ጥፋቱም ወደ እርሷ ዞረ ማለት ነው?

ተመራማሪዋ፦ በከፊል እንዲያ ነው፤ ከዚህ ነጥብም በቀላሉ መሸሽ አይቻልም። ሆኖም በሐይቁ ዙሪያ የነበሩት የሴቶች ማኅበራትና የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥፋቱን ሰምተው ዝም ከማለት ይልቅ ሰው ሠራሹን ዱቄት ትተው ከእውነተኛ ዘይት ወደሚሠራ ሳሙና መመለስን መረጡ። ሳሙና ለመሥራት ደግሞ ዘይት ያስፈልጋል፤ ዘይቱም ከየቤቱ መጥበሻ ውስጥ ተገኘ። የጃፓን ወጥ ቤት ቴምፑራ የሚባለውን፣ በቀጭን ሊጥ ተነክሮ በጥልቅ ዘይት የሚጠበስ አትክልትና ዓሣ ስለሚያዘወትር፣ ካገለገለ በኋላ ወደ መታጠቢያ ገንዳ የሚደፋው ዘይት ጥቂት አልነበረም፤ የተደፋው ዘይትም በራሱ ሌላ የሐይቁ ብክለት ነበር። ሴቶቹ ያገለገለውን ዘይት እየሰበሰቡ ለሳሙና ሠሪዎች በማቅረባቸው በአንድ ሥራ ሁለት ብክለት ቀነሱ ማለት ነው። ንቅናቄው እጅግ ስለሰፋ በ1980 አካባቢ በክፍለ ሀገሩ ከሚገኙት አሥር ቤቶች ሰባት ያህሉ የሳሙና ዱቄት ተጠቃሚዎች ሆነው ነበር።

መምህሩ፦ እስካሁን የተነገረው የሳሙና ታሪክ ነው፤ የነዳጁ ነገር ገና አልተነሣም።

ተመራማሪዋ፦ ነዳጁ የመጣው ከሳሙናው ሽንፈት ነው፤ ሽንፈቱ ደግሞ የመጣው ከድል በኋላ ነው። የሺጋ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት በጥቅምት 1979 የሐይቁን መበልጸግ የሚከላከል ደንብ አወጣ። «መበልጸግ» በውሃ ሳይንስ አነጋገር ሐይቅ በንጥረ ምግብ ከመጠን በላይ መሙላቱን ያመለክታል፤ ለሐይቁ መልካም ዜና አይደለም። ደንቡ በሐምሌ 1980 በሥራ ላይ ሲውል ፎስፈረስ ያለበትን ሰው ሠራሽ የቤት ማጠቢያ መሸጥም፣ መጠቀምም፣ በስጦታ መስጠትም ከለከለ። የዱቄቱ አምራቾች ደንቡን አጥብቀው ተቃውመውት ነበር፤ ከጸደቀ በኋላ ግን መንገድ ለወጡ። ፎስፌቱን ዜኦላይት በሚባል ማዕድን ተክተው «ከፎስፈረስ ነጻ» የሚል ማጠቢያ ይዘው ወደ ገበያ ወጡ። ደንቡ የከለከለው ፎስፈረሱን እንጂ ሰው ሠራሹን ማጠቢያ ራሱን ስላልነበረ አዲሱ ዱቄት ሕጋዊ ሆነ፤ በቀዝቃዛ ውሃም ከሳሙናው ይልቅ ቶሎ የሚሟሟ በመሆኑ ብዙው ቤት ቀስ በቀስ ወደ እርሱ ተመለሰ። የሳሙናው ተጠቃሚ ሲያንስ ዘይት የመሰብሰብ ልማዱ ግን አልቆመም፤ በዚህም የተነሣ በ1980ዎቹ ውስጥ የሚሰበሰበው ዘይት መድረሻ ያጣ ጀመር።

መምህሩ፦ እንግዲህ ከታሪክ አንጻር ሲታይ ነገሩ የተለመደውን ቅደም ተከተል ይገለብጣል። በአብዛኛው መጀመሪያ ማሽኑ ይመጣል፤ ቀጥሎ ማሽኑን የሚመግብ ጥሬ ዕቃ ይፈለጋል፤ ብዙ የባዮጋዝና የባዮዲዝል ተቋማት በአፍሪካም በእስያም ቆመው የቀሩት ጥሬ ዕቃው በጊዜው፣ በጥራቱና በመጠኑ ስላልደረሰላቸው ነው። በሺጋ ግን ሰብሳቢው ሕዝብ፣ መሰብሰቢያው ቦታና ልማዱ ከማሽኑ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቀድመዋል ማለት ነው።

ተመራማሪዋ፦ ልክ ነው፤ የሴቶቹም መሪነት መመዘን ያለበት በዚሁ ላይ ነው። በ1990 በክፍለ ሀገሩ የአካባቢ ጥበቃን ዓላማው ያደረገ የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ፤ ከሳሙናው ንቅናቄ የወጡት አያኮ ፉጂይ መሪው ሆኑ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፦ ዘይቱ ከሳሙና ሌላ ለምን ይውላል? መልሱ ከጀርመን መጣ። ጀርመኖች ከ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ከጎመንዘር ዝርያ ከሚጨመቅ ዘይት የናፍጣ ምትክ ማምረትን እያስፋፉ ነበር። ማኅበሩ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ያገለገለ ዘይትን ወደ ባዮዲዝል የሚለውጥ መሣሪያ አሠራ፤ አይቶ የምትባለው የገጠር ከተማም ዘይት መሰብሰብ ከ1981 ጀምሮ ልማዷ ስለነበር ሥራውን ለመጀመር አመቺ ሆና ተገኘች።

መምህሩ፦ ባዮዲዝል የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ዘይቱ እንዲያው ተጣርቶ ወደ ታንከር ይገባል የሚል ግምትም አለ። ሥራው ምን እንደሆነ ቢገለጽ።

ተመራማሪዋ፦ ተጣርቶ ብቻ ቢገባም ሞተሩ ለጊዜው ሊነሣ ይችላል፤ በ1900 በፓሪስ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት እንደሠራ በታሪክ ተመዝግቧል። ችግሩ ዘይት ወፍራም መሆኑ ነው፤ በሞተሩ መርጫ በኩል በደንብ ስለማይበተን ሳይቃጠል የቀረው እየጠቆረ ይደርቃል። የዘይት ቅንጣት ግሊሰሪን በሚባል ግንድ ላይ የተንጠለጠሉ ሦስት የስብ አሲድ ሰንሰለቶች ያሏት ናት። ሜታኖል የሚባለው አልኮልና ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ወይም ፖታሽ ተቀላቅለው 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በሞቀ ዘይት ውስጥ ሲማሰሉ፣ ሦስቱ ሰንሰለቶች ከግሊሰሪኑ ይላቀቁና እያንዳንዳቸው ከሜታኖሉ ጋር ይጣመራሉ። ይህም ሜቲል ኤስተር ይባላል፤ ባዮዲዝል ማለት እርሱ ነው። ለ100 ሊትር ዘይት 20 ሊትር ገደማ ሜታኖል ያስፈልጋል፤ ሥራው ሲያልቅ ከባዱና ጠቆር ያለው ግሊሰሪን ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቀጭኑና የጠራው ባዮዲዝል ከላይ ይንሳፈፋል።

አሁን ልብ መባል ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ያ ኮስቲክ ሶዳ በዘይቱ ውስጥ ውሃ ወይም የተፈታ የስብ አሲድ ካገኘ ከሜታኖሉ ይልቅ ከአሲዱ ጋር ተጣምሮ ሳሙና ይሠራል። ዘይት ደጋግሞ በተጠበሰበት መጠን ደግሞ ይህ የተፈታ አሲድ ይበዛል። ለነዳጅ ሠሪው ሳሙና መቅሰፍት ነው፤ ሁለቱ ንብርብሮች እንዳይለያዩ አድርጎ በርሜሉን በሙሉ ወደ አጓት መሰል ነገር ይለውጠዋል። ለብዙ ዓመታት ሳሙና ሲያሠሩ የኖሩት የሺጋ ሴቶች ይህንን ጸባይ ከሌላው ወገን ሆነው ያውቁት ነበር፤ የትኛው ዘይት በቶሎ ሳሙና እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው የትኛው ነዳጅ ለመሆን እንደሚያስቸግር ለመገመት አዲስ ትምህርት ብዙም አያሻውም።

መምህሩ፦ በመሰብሰቢያው ጠረጴዛ ላይ ዘይቱ ሲረከብ የሚደረግበት ምርመራም የዚሁ አካል መሆን አለበት።

ተመራማሪዋ፦ በጣም፤ የሥራው ልብ ያለው እዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዘይቱ ቀዝቅዞ፣ የሊጡ ፍርፋሪ ተጠልሎለት፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ መምጣት አለበት። ጠርሙሱ ታጥቦ ሳይደርቅ ከተሞላ ከታችኛው ክፍሉ ውሃ ይተኛል፤ ጠርሙሱ ጋደል ሲደረግ ይህ ውሃ እንደ ዕንቁላል ነጭ ተለይቶ ሲንሸራተት ይታያል። የእንስሳ ስብ የተቀላቀለበት ዘይት በብርድ ይነጣል፣ ይረጋልም፤ ከእርሱ የሚሠራው ነዳጅ በሺጋ ሰሜናዊ ክፍል በረዶ በሚወርድባቸው ወራት የሞተሩን ማጣሪያ ይደፍናል። ጠቁሮ የከረመውን ደግሞ ሽታው ያጋልጠዋል። አንድ መጥፎ ጠርሙስ ወደ በርሜሉ ከገባ በኋላ የሚያወጣው የለም፤ ስለዚህ የፋብሪካው ጥራት የሚወሰነው ፋብሪካው በር ላይ ሳይሆን ጠርሙስ ተቀባይዋ ዘንድ ነው። ይህንን ሙያ የምህንድስና መጻሕፍት በአንድ መስመር «የጥሬ ዕቃ ቅድመ ዝግጅት» ብለው ያልፉታል።

እዚህ ላይ የታሪክ መምህሩ ምልልሱን ወደ ጎመንዘሩ መለሱት፤ ምክንያቱም ከአይቶ ጋር በተያያዘ በስፋት የሚታወቀው የዘይት መሰብሰቡ ሳይሆን የቢጫ አበባው ማሳ በመሆኑና ሁለቱ እንዴት እንደተገናኙ ማስረዳት ስለሚያስፈልግ ነበር።

ተመራማሪዋ፦ ጃፓን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሩዝ ስለተረፋት መንግሥት ለገበሬዎች እየከፈለ ከሩዝ ማሳቸው ከፊሉ ሩዝ እንዳይዘራበት ያደርግ ነበር። አይቶ በ1998 በእነዚህ በቦዘኑ ማሳዎች ላይ ናኖሃና የሚባለውን፣ የጎመንዘር ዘመድ የሆነውን ተክል መዝራት ጀመረች። ዘሩ ይጨመቃል፤ ዘይቱ ለየቤቱና ለተማሪ ቤት ምሳ ይውላል፤ ፋጉሎው ለከብት መኖና ለማዳበሪያ ይሄዳል፤ ዘይቱ ካገለገለ በኋላ ተሰብስቦ ከፊሉ ሳሙና፣ ከፊሉ ባዮዲዝል ይሆናል፤ ባዮዲዝሉም ማሳውን የሚያርሰውን ትራክተርና የከተማውን ተሽከርካሪዎች ያንቀሳቅሳል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ዘይቱ መጀመሪያ ይበላል፤ የሚቃጠለው የተበላው ነው። በሌሎች አገሮች የእህል መሬት በቀጥታ ለነዳጅ ተክል ሲውል የተነሣው የምግብና የነዳጅ ሽሚያ በዚህ አሠራር ውስጥ የለም፤ የኃይሉም መጠን በዚያው ልክ ትንሽ መሆኑ አብሮ መታመን አለበት።

መምህሩ፦ የተክሉ ዝምድና ደግሞ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከኮሪያዊ አባትና ከጃፓናዊት እናት የተወለደው ናጋሃሩ ዩ የሚባል የዕፅዋት ሊቅ በ1935 ባሳተመው ጥናት የጎመን ወገኖችን በሦስት ማዕዘን አቀማመጥ አዛምዶ ነበር፤ በዚያ መሠረት አውሮፓውያን ለዘይት የሚዘሩት ተክል የሁለት ወላጆች ድቅል ሲሆን፣ የኢትዮጵያው ጎመንዘርም እንዲሁ የጥቁር ሰናፍጭና የጎመን ልጅ ነው። በኢትዮጵያ ደገኛ ገበሬ ጓሮ የሚበቅለው፣ ቅጠሉ የሚቀቀለው፣ ዘሩ ተወቅጦ የእንጀራ ምጣድ የሚታሰስበት ተክል ከአይቶው አበባ ጋር አንድ አያት አለው።

ተመራማሪዋ፦ የጎመንዘር ዘይት ኤሩሲክ የሚባል የስብ አሲድ ስለሚበዛበት ለምግብ ገበያ ብዙም አልተፈለገም፤ ለነዳጅ ግን ሰንሰለቱ ረጅም መሆኑ ጥቅም አለው። በጥቅምት 2012 በካናዳ አንድ የምርምር ጄት ከሌላ ነዳጅ ጋር ባልተቀላቀለ የጎመንዘር ነዳጅ በሯል፤ በጥር 2018 ደግሞ ካንታስ የተባለው የአውስትራሊያ አየር መንገድ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልቦርን ባደረገው በረራ የነዳጁን አንድ አሥረኛ ያህል ከጎመንዘር በተገኘ ነዳጅ ተክቷል። ምጣድ ለማሰሻ የሚውል ዘር ጄት ማንቀሳቀሱ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሆኖም ያ ነዳጅ የተሠራው ለዚሁ ሲባል ከተዘራ ተክል እንጂ ከትራፊ ስላልሆነ ከቢዋው ሥራ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

መምህሩ፦ ይሁን፤ አሁን ግን ቀደም ሲል ወደተተወው ጥያቄ መመለስ ይገባል። ሴቶቹ ዘይቱን የሰበሰቡት የቤት እመቤት ተብለው፣ ያለ ደመወዝ ነው። ሐይቁን ያቆሸሸው ዱቄት የተሠራው በፋብሪካ፣ የተፈቀደው በመንግሥት ሆኖ ሳለ፣ የማጽዳቱ ሸክም ከልብስ እጥበቱና ከወጥ ቤቱ ሥራ በተጨማሪ በእነርሱ ትከሻ ላይ ወደቀ። ይህን «መሪነት» ብሎ መጥራት ያልተከፈለ ጉልበትን በማዕረግ ስም ማስዋብ አይሆንም? በጃፓንም የሴቶች ጥያቄ ተሟጋቾች የቤት እመቤቶችን ንቅናቄ በዚህ ረገድ መተቸታቸው ይታወቃል።

ተመራማሪዋ፦ ትችቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ጠርሙስ ይዛ የምትመጣው ሴትና ማኅበሩን የምታስተዳድረው ሴት አንድ ቦታ ላይ አይደሉም። ፉጂይና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ዋናው ነገር በጎ ፈቃድ የነበረውን ሥራ ሕጋዊ አካል፣ መሣሪያና ከማዘጋጃ ቤት ጋር የሚደረግ ውል ያለው ተቋም ማድረጋቸው ነው። ከሺጋ የተነሣው አሠራር ወደ ሌሎች የጃፓን ክፍሎች ተዛምቶ በ2001 አገር አቀፍ መረብ ሲመሠረት ሊቀመንበርነቱን የያዙት እርሳቸው ነበሩ። በ2006 ደግሞ በቢዋ ዙሪያ ያለውን የሕዝብና የውሃ ግንኙነት ለብዙ ዓመታት ያጠኑት የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁር ዩኪኮ ካዳ ለአዲስ የፈጣን ባቡር ጣቢያ ሊወጣ የነበረውን ወጪ ተቃውመው በመወዳደር የሺጋ የመጀመሪያዋ ሴት አስተዳዳሪ ሆነው ተመረጡ፤ እስከ 2014 ድረስም አስተዳደሩ። ከሳሙናው ንቅናቄ እስከ አስተዳዳሪነቱ ወንበር ቀጥተኛ መስመር አለ ብሎ መሞገት ይከብዳል፤ ነገር ግን ወጥ ቤትና ሐይቅ የፖለቲካ ጉዳይ መሆናቸውን ለሰላሳ ዓመት ሲሰማ የኖረ መራጭ ለእንዲህ ዓይነት ዕጩ ጆሮውን መስጠቱ አያስገርምም።

መምህሩ፦ ያም ሆኖ ጠርሙስ ይዛ የምትመጣዋ አልተከፈላትም።

ተመራማሪዋ፦ አልተከፈላትም። ለዚህ ነው ሌላኛው መንገድ፣ የቶክዮው፣ አብሮ መታየት ያለበት። በሱሚዳ ወረዳ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀምሮ ከምግብ ቤቶች ያገለገለ ዘይት በመግዛት ይተዳደር የነበረ አንድ የቤተሰብ ድርጅት ነበር፤ የቤቱ ልጅ ዩሚ ሶሜያ ወደ ሥራው ገብተው በ1993 ድርጅቱ ካገለገለ ዘይት የሚሠራ የናፍጣ ምትክ አወጣ፤ በ1997ም የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። የእርሳቸው አመለካከት ከተማዋን እንደ ነዳጅ ጉድጓድ መቁጠር ነበር፤ እቅዳቸውንም «የቶክዮ የነዳጅ መስክ» ብለው ሰየሙት። በዚህ መንገድ ዘይት ዕቃ ነው፤ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ በሰዓቱ በመኪና ይነሣል። ከሥነ ምግባር ይልቅ ንግድ ስለሚበዛበት ከሺጋው የሚያንስ የሚመስለው ይኖራል፤ ነገር ግን የአንዲትን ሴት ሥራ በዋጋ የሚለካ አሠራር ለምስጋና ብቻ ከሚያሠራው ይልቅ ለመሪነት የቀረበ ነው ቢባል ብዙም ስሕተት አይሆንም።

መምህሩ፦ ሁለቱን የሚያስታርቅ ሦስተኛም አለ፤ ኪዮቶ። የአየር ንብረቱ ጉባኤ በ1997 በከተማዋ በተካሄደ ጊዜ የቆሻሻ መኪናዎቿ ከየቤቱ በተሰበሰበ ዘይት በተሠራ ነዳጅ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ቆይቶም የከተማ አውቶቡሶች ከናፍጣ ጋር እየተቀላቀለላቸው ተጠቀሙበት። በ2004 ማዘጋጃ ቤቱ በቀን 5,000 ሊትር የሚያመርት ተቋም አቆመ። ሰፈሩ ይሰበስብ፣ ከተማው ያመርት፣ ከተማው ራሱ ይጠቀም ነበር።

ተመራማሪዋ፦ ነገር ግን ኪዮቶንም አይቶንም አንድ ዓይነት ችግር ገጥሟቸዋል፤ ችግሩም ከሞተሩ መጣ። ባዮዲዝል ቆሻሻ የማላቀቅ ጸባይ ስላለው አሮጌ ታንከር ውስጥ ሲገባ ለዓመታት የተጋገረውን ዝቃጭ እየፈታ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማጣሪያ ይደፍናል፤ የጎማ ቱቦንም ያሳብጣል። እነዚህ በጥገና የሚወጡ ነገሮች ናቸው። የከፋው የመጣው በ2000ዎቹ መጨረሻ የጭስ ደንቡ ሲጠብቅ ነው። አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ጥላሸትን የሚይዝ ማጣሪያ ተገጠመላቸው፤ ማጣሪያው የሚጸዳው ተጨማሪ ነዳጅ ተረጭቶ በሚፈጠረው ሙቀት ሲሆን፣ ባዮዲዝል ከናፍጣ ይልቅ በከፍተኛ ሙቀት የሚተን በመሆኑ ሳይቃጠል ወደ ሞተሩ ዘይት ይንጠባጠባል። በዚህም ምክንያት ያልተቀላቀለ ባዮዲዝል የሚቀበለው አሮጌ መኪና በየዓመቱ እያነሰ ሄደ። ማቀላቀሉም ቢሆን ቀላል አልነበረም፤ ከመቶ አምስት በላይ ለሚቀላቀል ነዳጅ የጥራት ሕጉ ልዩ ግዴታ ይጥላል፤ በሊትር 32.1 የን ይደርስ የነበረው የናፍጣ ግብር ደግሞ ንጹሑን ባዮዲዝል ሳይነካ የተቀላቀለውን ይይዘው ነበር። ለትልቅ ነዳጅ አከፋፋይ የታሰበ ደንብ በገጠር ማኅበር ላይ ሲወርድ ክብደቱ ሌላ ነው።

መምህሩ፦ አሁን ደግሞ ያው ዘይት ለአውሮፕላን ይፈለጋል። በኦሳካ አጠገብ ሳካይ በተባለችው ከተማ ያገለገለ የምግብ ዘይትን ወደ አውሮፕላን ነዳጅ የሚለውጥ፣ በዓመት 30 ሚሊዮን ሊትር ያህል ለማምረት የታቀደ ተቋም በ2025 ሥራ ጀምሯል፤ ገበያዎችና ማዘጋጃ ቤቶችም ከየቤቱ ዘይት እንዲሰበሰብ ጥሪ እያደረጉ ነው። የቢዋ ሴቶች ከአርባ ዓመት በፊት የጀመሩትን ልማድ ዛሬ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እንደ አዲስ ግኝት ይዘውታል።

ተመራማሪዋ፦ ልዩነቱ ከኬሚስትሪው ይጀምራል። የአውሮፕላኑ ነዳጅ የሚሠራው ዘይቱ በከፍተኛ ግፊት ከሃይድሮጅን ጋር ተገናኝቶ ኦክስጅኑ እንዲወጣለት በማድረግ ነው፤ ውጤቱም ከማዕድን ነዳጅ ጋር የሚመሳሰል ስለሆነ የሞተር ችግር አያመጣም። ነገር ግን ይህ በ60 ዲግሪ በርሜል ውስጥ የሚማሰል ነገር አይደለም፤ የሃይድሮጅን መሥመርና ከባድ ብረት የሚፈልግ፣ ለማጣሪያ ፋብሪካ ብቻ የሚቻል ሥራ ነው። አይቶ ነዳጁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሷ ትሠራው ነበር፤ ለሳካይ ግን ማቅረብ የምትችለው ዘይቱን ብቻ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ሁለቱ ተነጋጋሪዎች አልተስማሙም። መምህሩ ዘይቱን ለማጣሪያ ፋብሪካው መስጠት ሴቶቹን መሣሪያ ካላቸው አምራቾች ወደ ሰብሳቢነት የሚመልስ ነው ባይ ናቸው፤ ስለዚህ የትራክተሩና የከተማው ተሽከርካሪዎች ሞተር አሮጌ እስከሆነ ድረስ ነዳጁ በመንደሩ መሠራቱ እንዲቀጥል ይሻሉ። ተመራማሪዋ ግን የአውሮፕላኑ ገበያ ለዘይቱ ዋጋ ስላመጣለት የአሁኑ ጥያቄ የሊትሩ ዋጋ ስንት ይሁን፣ ጠርሙሱን የምትመረምረው ተቀባይስ በውሉ ውስጥ በምን ስም ትግባ የሚለው ነው ይላሉ፤ አንድ ማኅበር መሣሪያውን ይዞ ውሉን ከሚያጣ፣ መሣሪያውን ትቶ ውሉን ቢይዝ ይመርጣሉ።